ዩኮን ለምትሄዱ

ዩኮን፣ ሰሜን ካናዳ፣ ሥራ አገኘሁ እያለ የሚደውልልኝ ሰው በዝቷል። ሦስት ሰመር ዳውሰን ሲቲ ስለሠራሁ የማውቀውን አንዴ ልጻፈው።

1. ወረቀት። የሲን ቁጥር (ለሥራና ለግብር የሚጠየቅ መለያ ቁጥር) እና የጤና ካርድ ማመልከቻ በመጀመሪያው ሳምንት። አለቀ።

2. ገንዘብ። ዳውሰንን የወለዳት ወርቅ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1896 ቦናንዛ ወንዝ ላይ ተገኘ። ወደ 100 ሺህ ሰው ተነሳ፤ የደረሰው ከ30 እስከ 40 ሺህ ቢሆን ነው። ፖሊስ የዓመት ስንቅ ያልያዘ አያሳልፍም ነበርና አንድ ቶን የሚጠጋ ዕቃ እየተመላለሱ ተራራ አሻገሩ። ሲደርሱ ደህናው መሬት ተይዟል። በ1899 አላስካ፣ ኖም ወርቅ ተገኘ ሲባል ደግሞ በአንድ በጋ 8 ሺህ ያህሉ ዳውሰንን ጥሎ ሄደ። ወርቁን ካገኙት አንዱ፣ የአገሩ ተወላጅ ኪሽ፣ በ1916 ሲሞት ገንዘቡን ለወገኖቹ በአደራ ተወ። እናንተስ በየወሩ የምትልኩት የት ገባ? ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

3. ልጆች። እዚህ ላይ ስሙኝ።

ወርቅ ፈላጊው ሲጎርፍ የአገሩ ተወላጆች የሆኑት የትሮንዴክ ህወቺን ሰዎች ዓሣ የሚያጠምዱበትን ቦታ ለቀው 5 ኪሎ ሜትር ያህል በወንዙ ወደ ታች፣ ሙስሃይድ የሚባል ቦታ ሰፈሩ። አለቃቸው ቺፍ አይዛክ የሚመጣው ታየው። ዘፈናቸውንና ጭፈራቸውን አላስካ ላሉ ዘመዶቹ አደራ ሰጠ። ልጆቹ በኋላ የገዛ ቋንቋቸው በሚከለከልበት ትምህርት ቤት ገቡ። በ1990ዎቹ የልጅ ልጆቹ አላስካ ሄደው ዘፈኑን ተቀብለው ተመለሱ።

እኛን ማን ከለከለን? እኔን ማንም አልከለከለኝም። ልጄ በ5 ዓመቷ ስትመጣ አማርኛዋ ጥርት ያለ ነበር። እኔ ግን እንግሊዝኛዬ እንዲሻሻል ብዬ በእንግሊዝኛ አወራት ነበር። በልጄ አፍ ተለማመድኩ! እናቴ ሞት አፋፍ ላይ ሆና ስትደውል ልጄ ስልኩን ይዛ «ምን ልበላት?» አለችኝ፤ በእንግሊዝኛ። ያልኳትን ቃል በቃል ደገመችላት። እናቴ ረጅም ነገር መለሰችላት። ልጄ ዝም ብላ እኔን አየችኝ። ያን ቀን አልረሳውም።

ልጃችን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ይማራል አትበሉኝ። ቤት ውስጥ በምን ታወሩታላችሁ? «እንቆቅልህ» ሲሉት «ምን አውቅልህ» ማለት ያውቃል?

ዩኮን ከአገር ቤት 10 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እናንተ ማታ ከሥራ ስትገቡ አያቱ ጠዋት ቡና እያፈሉ ነው። ደውሉ። ስልኩን ለልጁ ስጡትና እናንተ ከክፍሉ ውጡ።