እንግዲያ የማን ደጅ ልጥና?

ይድረስ በምክር ቤት ጽሕፈት ቤቶች በባለሙያነት ለምታገለግሉ፣ ነገ ደግሞ ራሳችሁ ለመወዳደር ለምታስቡ ወጣቶች።

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ላይ ከሁለት ወጣቶች ጋር ቡና ስንጠጣ አንደኛው፣ “ጋሼ፣ ሕጉን ከተመራጮቹ ይልቅ እኛ እናውቀዋለን። ታዲያ ለምን አንወዳደርም?” ብሎ ጠየቀኝ። እኔም በእሱ ዕድሜ ይህንኑ አስብ ነበር። አስቤም አልቀረሁ፤ ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ ሥራዬን ለቅቄ በትውልድ አገሬ በመንዝ ተወዳድሬአለሁ፤ ተሸንፌአለሁም። ያን ዕለት በችኮላ የመለስኩለትን አሁን ረጋ ብዬ ልጽፈው ፈለግኩ።

ተወዳደሩ ነው የምለው። ሕጉ ለዕጩነት የሚጠይቀው ዕድሜ 21 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ገና ልጅ ናችሁ የሚላችሁን አትስሙ። ነገር ግን “ከተመራጮቹ ይልቅ እኛ እናውቃለን” የሚለውን ሐሳብ ከመነሻው ጣሉት። ለምን እንደምል ልንገራችሁ።

ረቂቅ አዋጅ ለቋሚ ኮሚቴ ከተመራ በኋላ ያለውን ድካም ታውቁታላችሁ። አንቀጽ በአንቀጽ ማንበብ፣ ከቀድሞው ሕግ ጋር ማስተያየት፣ የአስረጂዎችን መድረክ ማሰናዳት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የውሳኔ ሐሳቡን ማርቀቅ። በሥራው ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ሌሊቱን ሠርቼ ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ውስጥ “ማሳወቅ አለበት” መባል የነበረበትን “ማሳወቅ ይችላል” ብዬ ጻፍኩት። ሁለት ጊዜ አንብቤው አልታየኝም፤ አለቃዬም አላየውም። በማግሥቱ አንዲት የኮሚቴው አባል መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ ቆም አሉና፣ “ልጄ፣ እንዲህ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ካልፈለገ ዝም ሊል ነው?” አሉኝ። ሴትዮዋ ሕግ አልተማሩም። ገጠር ውስጥ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህርት ናቸው። “ይችላል” የሚባል ቃል በአንድ ባለጉዳይ ላይ ምን እንደሚያደርስ ግን ከእኔ በላይ ያውቁ ነበር፤ ቢሮ ደጃፍ ላይ ቆመው ስለሚያውቁ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የተመራጭን ዕውቀት ንቄ አላውቅም።

ሁለተኛው ነገር የአገራችሁ ጉዳይ ነው። ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ ስትጓዙ ጓሳን፣ የመንዝን የሣር ምድር፣ ታገኛላችሁ። ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ለማየት ብዙ ሰው ይመጣል፤ እኔ የማወራችሁ ግን ስለ ሣሩ ነው። የመንዝ ሰው ያንን ሣር ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። አካባቢው ለዓመታት ይዘጋል፣ ከብት የነዳበትና ሣር ያጨደበት ይቀጣል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳኑም ለገመዱም ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። አዋጁ በአገሪቱ ለስንቱ ጭሰኛ ነፃነት ያመጣ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ጓሳ ላይ ግን ሥርዓቱ የቆመበትን ርስት አብሮ ስላፈረሰው ጠባቂ ጠፋ፤ ሣሩም በአጭር ጊዜ ተራቆተ። ኋላ ማኅበረሰቡ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን እንደገና እስኪያነሣው ድረስ ብዙ ዓመት ወሰደ።

አዋጁ የወጣው በደርግ ነው፤ ምክር ቤቱ ተበትኖ ነበር። ረቂቁን ይዞ መንዝ ድረስ ወጥቶ “ይህ እናንተ ዘንድ ሲደርስ ምን ያበላሻል?” ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ስታዘጋጁ የምትጋብዟቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር ስትጽፉ ይህን አስቡ። ዝርዝሩን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ስልካቸው እጃችሁ ላይ ያሉትን የአዲስ አበባ ሰዎች ብቻ ጠርታችሁ አዳራሹ ስለ ሞላ ሥራው ተሠራ አትበሉ። ሕጉ የሚደርስበትን ገበሬ አለመጥራት የእኔም ጥፋት ነበር፤ ደጋግሜ አጥፍቼዋለሁ፤ አሁንም ይቆጨኛል።

ስለ ሥነ ምግባር ብዙ አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁና። በጽሕፈት ቤቱ ወንበር ላይ እያላችሁ ለራሳችሁ ምርጫ አትቀስቅሱ። ባለሙያ ለገዥውም ለተቃዋሚውም ተመራጭ እኩል አገልጋይ ነው። የመሥሪያ ቤቱን መኪና፣ ስልክና ሰነድ ለራስ ጉዳይ ማዋል ሌብነት ነው። ለመወዳደር ቆርጣችሁ ከሆነ በግልጽ ተናግራችሁ፣ ያለውን አስረክባችሁ ውጡ።

ወንበሩን መልቀቅ ከደመወዙ በላይ የሚያስቸግረው በሌላ በኩል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ተመራጭ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ተገዥ ነው ይላል። ይህን አንቀጽ በቃሌ እወጣው ነበር። ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተዓቅቦ ሲባል ግን እኛ ባለሙያዎች የሌላውን ሰው እጅ ስንቆጥር ነው የኖርነው። የራሳችንን እጅ በሰው ፊት አንሥተን አናውቅም። ዕጩ ስሆን መጀመሪያ የቸገረኝ ይኸው ነበር፤ “አንተስ ምን ትላለህ?” ሲሉኝ የኮሚቴ ሪፖርት የማነብ ይመስል “በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል” እያልኩ እመልስ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

በቅስቀሳው ወቅት፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ባለች መንደር አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የበግ ፀጉር ሲፈትሉ አገኘኋቸው። ሰላምታ ሰጥቼ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣ “አንተ ስትገባ ውሃው ይመጣል?” አሉኝ።

እውነቱን መናገር እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ሌሎቹ ዕጩዎች አዎን ይላሉ፤ እኔ አልዋሽም አልኩና ማስረዳት ጀመርኩ። የምወዳደረው ለፌደራሉ ምክር ቤት ነው፣ የገጠር ውሃ የክልሉና የወረዳው ሥራ ነው፣ የወረዳውን በጀት የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው፣ የፌደራሉ ተመራጭ የሚያደርገው ሕግ ማውጣት፣ የፌደራሉን በጀት ማጽደቅና አስፈጻሚውን መቆጣጠር ነው። አንድም ስሕተት አልነበረበትም። እንዝርቱ ቆመ። እማማ ቀና ብለው አዩኝና፣ “እንግዲያ የማን ደጅ ልጥና?” አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በየትኛው ቀን፣ የትኛው ቢሮ፣ ምን ይዘው፣ ከማን ጋር ቢሄዱ እንደሚሰሟቸው አላውቅም ነበር። ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ሳስረዳ ራሴን ነፃ አወጣሁ እንጂ ለእርሳቸው ያተረፍኩላቸው ነገር የለም። በውሸት ቃል ከሚገባው ዕጩ የተሻልኩ መስሎኝ ነበር፤ ጥዬአቸው በመሄድ ግን እኩል ነን።

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ። የማትችሉትን አልችልም ማለት አለባችሁ፤ ከዚያ አፋችሁ ሳይዘጋ የሚችለው ማን እንደሆነ፣ ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ የቱ እንደሆነ ንገሩ። ከሌላው ዕጩ የምትለዩት በዚህ ነው፤ መንገዱን የምታውቁት እናንተ ናችሁና። ካላወቃችሁ ከመወዳደራችሁ በፊት ተማሩት። ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ እስከ መስከረም የመጨረሻ ሳምንት ጊዜ አለ። ያንን ክረምት በወረዳችሁ አሳልፉት፤ የወረዳ ምክር ቤት ጉባኤ ላይ ጀርባ ወንበር ተቀምጣችሁ አድምጡ፤ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ ከባለጉዳይ ጋር ተሰለፉ። ምርጫ በደረሰበት ዓመት ብቻ የሚመጣን ልጅ አገሩ ያውቀዋል።

የምርጫው ዕለት ምሽት ውጤቱ በጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። በባትሪ መብራት አነበብኩት። በእኛ ሕግ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ እኔ ሦስተኛ ነበርኩ። የግንቦት ብርድ ነበር፤ ወንድሜ ምንም ሳይናገር ባናውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ።

ከሳምንት በኋላ ወደዚያች መንደር ተመለስኩ። መሐል ሜዳ ወርጄ፣ ጠይቄ፣ ማመልከቻው ለማን እንደሚጻፍና በየትኛው ቀን እንደሚቀበሉ አጣርቼ ነበር። እማማ ከነጎረቤቶቻቸው ተሰበሰቡ፤ እኔ ጉልበቴ ላይ ወረቀት ዘርግቼ፣ “በአካባቢያችን የንጹሕ መጠጥ ውሃ እጥረት በመኖሩ” ብዬ ጀመርኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

“እጥረት አይደለም ልጄ፤ የለም” አሉ።

ሰረዝኩና “ባለመኖሩ” ብዬ ጻፍኩ።