ፋውንዴሽን ስትቀቢ ፊትሽ አመድ ለሚመስለው

«ጠይም ነኝ፤ የእጄ ደም ሥር ሰማያዊ ነው። ፋውንዴሽን ስቀባ ግን ፊቴ አመድ ይመስላል፤ ምን ቀለም ልምረጥ?» ላልሽው እህቴ፦

በደም ሥር ቀለም መለየቱን ተዪው፤ ጠይም ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ይልቅ ፊትሽን ታጠቢና መስኮት አጠገብ ሆነሽ መጀመሪያ ንጹሕ ነጭ፣ ቀጥሎ ክሬም ጨርቅ አገጭሽ ስር ያዢ። በነጩ ፊትሽ ጠርቶ በክሬሙ ከደበዘዘ ቃናሽ (ከቆዳሽ ስር የሚታየው ቀለም) ቀዝቃዛ ነው፤ ማለትም ወደ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ያደላል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ለዚሁ ቃና ነው።

አመዱን የሚያመጣው በአብዛኛው ለአንቺ የነጣ ፋውንዴሽን ነው፤ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለው ነጭ ማቅለሚያ ሲበዛበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ፈልጊ። ማክ (MAC) የተባለውን የመዋቢያ ብራንድ የምትገዢ ከሆነ ተጠንቀቂ፦ ኤንሲ (NC) የሚለው ለወርቃማ ቆዳ፣ ኤንደብሊው (NW) ወደ ሮዝ ለሚያደላ ነው። «ሲ» «ኩል» (ቀዝቃዛ) ማለት ስለሆነ ለቀዝቃዛ ቆዳ መስሎት የሚገዛው ብዙ ነው! ሦስት ቀለም መንጋጋሽ ላይ በመስመር በመስመር ቀቢና 15 ደቂቃ ቆዪ፤ አንዳንዱ ቆይቶ ይጠቁራል። ከዚያ ደጅ ወጥተሽ እዪ። ቆዳሽ ውስጥ ጠፍቶ የማይለየው የአንቺ ነው።

ለሊፒስቲክ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ያምርብሻል፤ ብርቱካናማ ግን ከፊትሽ ተነጥሎ ይጮኻል። ፈዛዛ ሮዝ ካማረሽ መጀመሪያ የከንፈርሽን ዳር በጥቁር ቡናማ እርሳስ አስምሪ፤ አለዚያ ኖራ ይመስላል።

ልብስ ላይ ወሳኙ አንገት አካባቢ ያለው ነው። የሰናፍጭ ቢጫ ከወደድሽ ቀሚስ ሳይሆን ጉርድ አድርጊው። የሐበሻ ቀሚስ ስታሠሪ ጥበቡ በብርማ ክር ወይም በሐምራዊ ይሁን፤ ወርቃማው የግድ ከሆነ ታች ጠርዙ ላይ።