በሙቀትና እርጥበት ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ሠርቼ ሥራ አገኛለሁ?

የሜካኒካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። ጥናትሽ ሙቀትና እርጥበት የካርበን ፋይበርና ኢፖክሲ ላሚኔትን (የካርበን ቃጫ በኢፖክሲ ሙጫ ተያይዞ በንብርብር የተሠራ ኮምፖዚት) ጥንካሬ እንዴት እንደሚጎዱ ነው። የምትሠሪው በቃጫው አቅጣጫ የመሳብ ፈተና ብቻ ነው። «ርዕሱ ጠብቦ ሥራ ያሳጣኝ ይሆን?» ብለሻል።

ርዕሱ አያሳስብሽ። እኔን ያሳሰበኝ የመረጥሽው ፈተና ነው። በቃጫው አቅጣጫ ስትስቢው ሸክሙን የሚይዘው ካርበኑ ነው፤ ካርበን ደግሞ ውሃ አይጠጣም። ስለዚህ ብዙ ደክመሽ «ያን ያህል ለውጥ የለም» ብለሽ ልትጽፊ ነው። ውሃውን የሚጠጣው ኢፖክሲው ነው። ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ከደረቁ በጣም ባነሰ ሙቀትም መላላት ይጀምራል። በአውሮፕላን ዲዛይን የመሥሪያ ሙቀቱ እርጥቡ ላሚኔት ከሚላላበት ነጥብ በ28 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ እንዲል የሚመከረው ለዚህ ነው። ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በጭመቃና በንብርብሮቹ መካከል ባለው ሸር (ንብርብሮቹን እርስ በርስ በሚያንሸራትት ኃይል) ላይ ነው። ሲጨመቅ ቃጫው እንዳይጎብጥ የሚደግፈው ኢፖክሲው ነዋ! የአጭር ናሙና የሸር ፈተና ጨምሪበት። ናሙናው ትንሽ ነው፣ ወጪውም ቀላል። ፈተናውን ግን እርጥቡ ናሙና እንደሞቀ ሥሪው።

ናሙናዎቹን ማርጠብ ዛሬ ነገ ሳትይ ጀምሪ። በ70 ዲግሪና በ85 በመቶ እርጥበት እንኳ ሳምንታት ይፈጃል። ውፍረቱ እጥፍ ከሆነ ጊዜው አራት እጥፍ ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቀጭን ናሙና ያዢ። ክብደቱ የሚጨምረው ቢበዛ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ስለሆነ ተራ ሚዛን አይረዳሽም። ረቂቅ ሚዛን እንዲያስጠቅሙሽ የኬሚስትሪ ላብ ሰዎችን ለምኚ።

ሲቪሽ ላይ «በኮምፖዚት ላይ ጥናት ሠርቻለሁ» ማለት ምንም አይነግርም። «በኤኤስቲኤም ዲ5229 መሠረት ናሙና አርጥቤ፣ በዲ2344 ሸር ለክቻለሁ» በዪ (ሁለቱም የታወቁ የፈተና ደረጃዎች ናቸው)፤ በእርግጥ ከሠራሽው ማለት ነው። ይህን የአውሮፕላን ጥገና፣ የነፋስ ተርባይንና የጀልባ ሠሪዎች ይረዱታል።

ጥገና ክፍል ካመለከትሽ አንድ ጥያቄ ተዘጋጂበት፦ እርጥበት የጠጣ ክፍል ሳይደርቅ በሙቀት ቢጠገን ምን ይሆናል? ውሃው ተንኖ ማጣበቂያው ውስጥ አረፋ ይፈጥራል፣ ንብርብሩንም ሊያላቅቅ ይችላል።

ማመልከቻሽን ለመላክ ምረቃን አትጠብቂ። ናሙናው ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ እንዴት እንደጨመረ የሚያሳየው ግራፍሽ ብቻውን ለመጀመሪያ ወሬ ይበቃል።