አሞርዛተሩ ሲደርቅ

ጥያቄ፦ በየእሑዱ በብስክሌት እንጦጦ እወጣለሁ። ከክረምቱ ወዲህ የፊት አሞርዛተሩ ደርቆብኛል፤ ትንንሽ ድንጋይ ላይ ጭራሽ አይሠራም። ጠጋኙ ግራሶ ቀባልኝ፣ ባሰበት። ምን ላድርግ? (ከሽሮ ሜዳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቅድሚያ ያንን ግራሶ ጥረግልኝ! እኔም አንዴ የካቲና ዘይት ቀብቼበት ነበር። አቧራው ተጣብቆ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ጫረው። ጭረቱ ዛሬም አለ፤ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል።

የሚያብረቀርቀው ቱቦ፣ ማለትም በታችኛው የአሞርዛተር እግር ውስጥ የሚገባው የሚወጣው፣ በላዩ አይቀባም። ከአቧራ መከላከያው ላስቲክ ሥር ዘይት የሚይዝ የስፖንጅ ቀለበት አለ። አሞርዛተሩን የሚያደርቀው አብዛኛውን ጊዜ የእሱ መድረቅ ነው። እስቲ ብስክሌቱን ገልብጠህ ጥቂት ደቂቃ አቆየው፤ ውስጥ የቀረው ዘይት ወርዶ ስፖንጁን ያርሰዋል።

ካልተሻለው መፈታት አለበት። አሞርዛተሩ በአየር የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ አየሩን ሙሉ በሙሉ አስወጣ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከዚያ የታችኛው እግር ወልቆ ይጠረግና አዲስ ዘይት ይጨመርበታል። የሞተር ዘይት አይደለም፣ የአሞርዛተር! መጠኑ ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው፤ ልኩን ከሞዴሉ መመሪያ እይ። የአሞርዛተር አምራቹ ሮክሾክስ ይህን በየ50 ሰዓት ንዳት አድርጉ ይላል።

ደግሞ ላቫጆ ወስደህ በኃይለኛ ውኃ አታስመታው። ከእንጦጦ ስትወርድ በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው፣ በቃ።