አንዲት ፊደል የወለደችው ቃል

እህቴ፣ «መጽሐፍ ሳነብ መምፕሲመስ የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ገጠመኝ፤ በአማርኛ ስህተት ብዬ ብተረጉመው ያስኬዳል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ውዬ የማድረው ትርጉም ሥራ ላይ ነው። ይህን ቃል ደግሞ በጣም ነው የምወደው። ትንሽ ባስረዝመው ታገሺኝ።

ቃሉ የተወለደው ቅዳሴ ላይ ነው። በላቲኑ ሥርዓት ካህኑ ከቆረበ በኋላ የሚደግማት አጭር ጸሎት አለች። አጀማመሯ «ኩኦድ ኦሬ ሱምፕሲሙስ» ነው፤ «በአፋችን የተቀበልነውን» ማለት። አንድ ካህን ታዲያ «ሱምፕሲሙስ» የሚለውን «ሙምፕሲሙስ» ሲል ኖረ ይባላል። በላቲን እንዲህ የሚባል ቃል የለም። ሲያርሙት ግን «የድሮውን ሙምፕሲሙሴን በእናንተ አዲስ ሱምፕሲሙስ አልለውጥም» ብሎ እርፍ አለ። ታሪኩን የኔዘርላንዱ ሊቅ ኢራስመስ እ.ኤ.አ. በ1516 በደብዳቤ አነሳው። በዓመቱ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ፔስ በመጽሐፉ አሰፈረው።

ከዚያ እንግሊዝኛ ቃሉን ወሰደው። ስህተቱን የሙጥኝ ያለውን ሰውዬ መምፕሲመስ አሉት። ኋላ ደግሞ ሰውዬው የሙጥኝ ያለውን ልማድ ራሱን። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ እ.ኤ.አ. በ1545 የገና ዋዜማ ለፓርላማው ሲናገር፣ ገሚሱ በአሮጌ መምፕሲመሱ ደርቋል፣ ገሚሱ በአዲስ ሱምፕሲመሱ ይራወጣል ብሎ ሁለቱንም ወገን ገሠጸ። ያኔ አገሩ በሃይማኖት ጉዳይ ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

እኔ ቃሉ የገባኝ በራሴ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ለአንድ ሰበካ ጉባኤ በራሪ ጽሑፍ አዘጋጅ ነበር። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚለውን ሁልጊዜ በሃሌታው ሀ፣ «መሀረነ» ብዬ ነበር የምጽፈው። አንድ ቀን መሪጌታው ወረቀቱን ተቀብለው ፊደሏን በቀይ እስክሪብቶ ከበቧት። «ልጄ፣ በሐመሩ ሐ ሲሆን ማረን ነው። አንተ የጻፍከው አስተምረን ነው» አሉኝ። እኔም «አባታችን፣ ሰዉ እንደሆነ ይገባዋል፤ ሁሌም እንዲህ ነው የምጽፈው» አልኳቸው። ከዚያ በኋላም ሁለት ወር ሙሉ እንደዚያው ጻፍኩ። ዛሬም ያ ቀይ ክብ ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል።

ስለዚህ «ስህተት» ብቻ ብትይው ዋናው ነገር ያመልጥሻል። ሳያውቅ የተሳሳተ ሰው መምፕሲመስ አይባልም። ትክክሉን ነግረውት፣ ሰምቶም «አልለውጥም» ያለ ነው የሚባለው። እኔ ለሰው ሲሆን «ግትር» እለዋለሁ፤ «ችኮ»ም ይሄዳል። ለልማዱ አንድ ቃል አላገኘሁለትም፤ «ታርሞም ያልተተወ ስህተት» እያልኩ ነው የምጽፈው። ዐረፍተ ነገርሽን ደግመሽ እዪው፤ የሚያወራው ስለ ሰው ነው ወይስ ስለ ልማድ? የምትመርጪው ቃል በዚያ ይወሰናል።