ስለ ታዳሽ ኃይል ጠይቁኝ፣ ሶላርና ባትሪ ላይ ስለምሰራ እሱ ላይ ብታተኩሩ ደስ ይለኛል

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፣ ዋትና ዋት ሰዓት አታምታቱብኝ። ዋት አሁን እየሄደ ያለው ኃይል ነው፣ ዋት ሰዓት ደግሞ እሱ በሰራበት ሰዓት ተባዝቶ የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ታዳሽና ዘላቂ አንድ ናቸው?
መልስ፦ አይደሉም። ታዳሽ ተፈጥሮ መልሳ የምትተካው ነው፣ ዘላቂ ግን አጠቃቀማችንን ያያል። እንጨት ታዳሽ ነው፣ ከሚበቅለው በላይ ከቆረጥን ግን ዘላቂ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሙቀት ሲጨምር የሶላር ፓኔሉም ብዙ ያመነጫል አይደል?
መልስ፦ ይሄን ሁሉም ይሳሳተዋል። ፓኔል የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም፣ የሲልከን ሴል ሲሞቅ ቮልቴጁ ይወርዳል። ጀርባው ላይ የተጻፈው ዋት የተለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ብርሃኑ በካሬ ሜትር 1000 ዋት ሲሆን ነው፣ ከዛ በላይ በየዲግሪው ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ ይቀንሳል። ጣራ ላይ 65 ዲግሪ ቢደርስና በ0.4 ብናሰላው 16 በመቶው ሄደ ማለት ነው፣ ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ አጣብቃችሁ አትሰሩ ከስር አየር ይለፍ። ጥላም ተጠንቀቁ፣ ሴሎቹ በተከታታይ ስለተያያዙ አንዱ ሲጋረድ ሌሎቹንም ይዞ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ 300 ዋት ፓኔል ፍሪጅ ይችላል?
መልስ፦ ፍሪጁ በቀን ስንት ዋት ሰዓት ይበላል? ባትሪህስ? ላይ ስለ ዋትና ዋት ሰዓት ያልኩትን አንብብ።

ጥያቄ፦ ንፋስ ይሻላል ሶላር?
መልስ፦ የት ቦታ? የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ 8 እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ ሳትለኩ አትትከሉ።

አንድ አባል፦ ግድብ ለምን ንጹህ ይባላል? ከውሃው ስር የሚበሰብሰው ዕፅዋት ሜቴን የሚባል ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ያወጣል እኮ።
ሌላ አባል፦ ከከሰል ጋር ልታወዳድረው ነው?
አንድ አባል፦ ከሰል ማን አነሳ? ንጹህ ስትሉ ዝም ብላችሁ አትበሉ ነው ያልኩት።
መልስ፦ እንደየግድቡ ይለያያል፣ እዛው ተጨራረሱ። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ ኒውክሌርስ?
መልስ፦ ሲያመነጭ ካርቦን አይለቅም፣ ግን ዩራኒየም ተቆፍሮ የሚወጣ ነዳጅ ስለሆነ ታዳሽ አይባልም።

ጥያቄ፦ የከርሰ ምድር እንፋሎትስ?
መልስ፦ መስኬ አይደለም። ቀን ከሌት መስራቱ ጥሩ ነው፣ ጣሊያን ላርዴሬሎ ላይ በ1904 እ.ኤ.አ. አምፖል አብርተውበታል። ሌላውን የጉድጓድ ሰዎች ይንገሯችሁ።

ጥያቄ፦ ለማታ የመኪና ባትሪ አይሆንም?
መልስ፦ አይሆንም! እሱ የተሰራው ሞተር ለማስነሳት ነው፣ ለትንሽ ሰከንድ ብዙ ከረንት፣ ውስጡ ያሉት ሳህኖች ስስ ስለሆኑ ደጋግማችሁ ካራገፋችሁት ቶሎ ይሞታል። ዲፕ ሳይክል የሚባለውን፣ ደጋግሞ ለመራገፍ የተሰራውን ግዙ፣ እሱም ሊድ አሲድ (እርሳስና አሲድ ያለበት) ከሆነ ከግማሽ በታች አታውርዱት። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሲባዛ 1200 ዋት ሰዓት ነው፣ ግማሹ 600፣ 50 ዋት ጭነት ብታሰሩበት ለ12 ሰዓት ይቆያል፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) የሚበላውን ሳንቆጥር። ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የሊትየም ባትሪ ጠለቅ ብሎ ቢራገፍም ይችላል፣ ግን ለሊድ አሲድ በተስተካከለ ቻርጀር አትሙሉት።

ጥያቄ፦ 500 ዋት ኢንቨርተር ቲቪ ስንት ሰዓት ያቆያል?
መልስ፦ ኢንቨርተር ምንም አያጠራቅምም! ባትሪህን ንገረኝ አልኩ።

ጥያቄ፦ ሃይድሮጅን ሁሉንም ይተካል ይባላል?
መልስ፦ ሃይድሮጅን ማጠራቀሚያ በሉት፣ ከውሃ ለማውጣት መጀመሪያ ሌላ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። እሱን ካነሳችሁ አይቀር፣ ሊድ አሲድም ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ይለቃልና የተዘጋ ክፍል ውስጥ አትሙሉ፣ አጠገቡም ክብሪት አትጫሩ።