በ17 ሳምንት የሚያረጥብሽ ሽንት ነው ወይስ የእንሽርት ውሃ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። 17 ሳምንትሽ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ የውስጥ ልብስሽ ይረጥባል፤ ሽታ የለውም፤ ቀጠሮሽ ደግሞ ገና 10 ቀን ይቀረዋል። «ሽንት ይሆን? ልጠብቅ ወይስ ልሂድ?» ብለሻል። ዛሬውኑ ሂጂ። ሽንት ሆኖ ከተገኘ እሰየው።

ይህን የምልሽ እኔ ስለጠበቅሁ ነው። በመጀመሪያ እርግዝናዬ፣ ልክ እንዳንቺ 17ኛው ሳምንት ላይ፣ ያረጥበኝ ጀመር። የእንሽርት ውሃ ሲፈስ ዘርገፍ ብሎ ነው የሚወርደው ብዬ አስብ ነበር። የኔ ጠብ ጠብ ብቻ ነው ያለው። ማኅፀኔ ፊኛዬን ተጭኖት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሦስት ቀን ሙሉ። በአራተኛው ቀን ብርድ ብርድ አለኝ፣ ትኩሳቴ ከ38 በላይ ወጣ። ኢንፌክሽን ገብቶ ነበር። ልጄን አጣሁ። ቀድሜ ብሄድ ይተርፍልኝ ነበር ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። በዚያ ሳምንት ጽንሱንና ውሃውን የያዘው ሽፋን ሲቀደድ ብዙ ጊዜ እርግዝናው አይዘልቅም። ግን ቀድሜ ብታይ ኢንፌክሽኑ ሳይብስ ይደረስልኝ ነበር።

በሁለተኛው እርግዝናዬ፣ 18ኛው ሳምንት ላይ፣ እንደገና ረጠብኩ። አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየሁም። ምርመራው እንዴት እንደሚደረግ በደንብ የገባኝ ያኔ ነው። መጀመሪያ ስፔኩለም በሚባለው መሣሪያ ብልትሽን ከፈት አድርገው ውስጡ ውሃ ተጠራቅሞ እንደሆነ ያያሉ። «አስይ» ይሉሻል። ስታስይ ከማኅፀን በር ውሃ ብቅ ካለ ሽፋኑ ተቀዷል ማለት ነው። ከዚያ ፈሳሹን ቀለም በሚቀይር ወረቀት ይነካሉ። ብልት በተፈጥሮው አሲድነት አለው፤ የእንሽርት ውሃ ግን የለውም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ወረቀቱ ግን በደም፣ በወንድ ዘር ወይም በብልት ኢንፌክሽን ሊሳሳት ይችላል። ማታ ግንኙነት አድርገሽ ከነበረ ሳታፍሪ ንገሪያቸው። አንዳንድ ቦታ ጠብታውን መስታወት ላይ አድርቀው በማይክሮስኮፕ ያዩታል፤ የእንሽርት ውሃ ሲደርቅ ቅርንጫፍ ያለው ቅጠል ይመስላል።

አንድ ነገር አደራ። ውሃ ፈሷል ተብሎ ሲጠረጠር በጣት መመርመር ጀርም ወደ ላይ ሊያስገባ ይችላል። ምጥ ካልጀመረ በስተቀር ይቅርብኝ ብለሽ መጠየቅ መብትሽ ነው።

የኔ ሁለተኛው ነጭ ፈሳሽ ሆኖ ተገኘ። በእርግዝና ጊዜ ይበዛል። አልቅሼ ነው የወጣሁት፣ በደስታ።

አልትራሳውንድም ያዩሻል። ከሁሉም ጥልቅ የሆነው የውሃ ቦታ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ውሃው አነሰ፣ 8 ከደረሰ ወይም ካለፈ በዛ ይባላል። ልኩ ደህና ነው ማለት ግን አይፈስም ማለት አይደለም፤ ጥቂት ሲፈስ ላይታይ ይችላል። ካነሰም ሁሌ ሽፋኑ ተቀዶ ነው ማለት አይደለም። ከ16 ሳምንት ገደማ ወዲህ ውሃው በአብዛኛው የጽንሱ ሽንት ነው። ለዚህ ነው የጽንሱን ኩላሊትና ፊኛ አብረው የሚያዩት። የእንግዴ ልጅ ችግርም ውሃ ያሳንሳል።

ስለ ሽፋኑ ካነሳን አይቀር፣ 12ኛው ሳምንት ላይ ስክሪኑ ላይ ጽንሱን የከበበ ቀጭን መስመር አይቼ በጣም ደንግጬ ነበር። ለካ ሽፋኑ የውስጥና የውጪ ሆኖ ሁለት ነው፤ ሁለቱ ገና አልተጣበቁም ነበር። እስከ 14 ወይም 16 ሳምንት ድረስ ተለያይተው መታየታቸው የተለመደ ነው።

ፈሷል ከተባልሽ ውሳኔው ከባድ ነው፤ ብቻሽን አትግቢ። ለምርመራ የእንሽርት ውሃ በመርፌ ሲቀዳ የተፈጠረ ቀዳዳ ከሆነ ብዙ ጊዜ በራሱ ይደፈናል። እንዲያው የተቀደደ ግን የሚደፈነው ከስንት አንዴ ነው። በዚህ ጊዜ የጽንሱ ሳንባ የሚያድገው በውሃው ነው፤ ውሃው ለረጅም ጊዜ ካነሰ ሳንባው ሳያድግ ሊቀር ይችላል። እየተከታተሉ መጠበቅ ወይስ እርግዝናውን ማቆም? ሁለቱንም በግልጽ እንዲያስረዱሽ ጠይቂ። ብዙ ውሃ መጠጣት ቀዳዳ አይደፍንም፤ አልጋ ላይ ተኝቶ መዋልም እንደሚረዳ አልተረጋገጠም። ምን አድርጌ ነው እያልሽ ራስሽን አትውቀሺ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም።

እስክትደርሺ ንጹህ ሞዴስ አድርጊ። የረጠበውንም ይዘሽላቸው ሂጂ፤ ቀለሙንና ሽታውን ይዩት። ግንኙነት ይቅር፣ ብልትሽን ወደ ውስጥ አትታጠቢ። ስትገቢ መቼ እንደጀመረ፣ ደም አይተሽ ከነበረ፣ ትኩሳት ካለሽ ንገሪያቸው። ሆድሽን ካመመሽ፣ ፈሳሹ ከሸተተ ወይም ካንቀጠቀጠሽ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ውጪ።

የነገሩሽን እዚሁ ጻፊልኝ፤ እጠብቅሻለሁ።